ልጅቷን እንዳያመጧት

ጠርጣራ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። ሰቆጣ ገበያው አጠገብ፣ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ገና ሲያዩኝ “ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር” እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። የሰው ልጅ ቀሚስ ልታሰፋ ስትመጣ በሜትሬ ወገቧን እየለካሁ በዓይኔ ዕድሜዋን እለካለሁ። ነጭ ጨርቅ በብዛት የሚገዛ አባት ካየሁ ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ለበዓል ነው ካለኝ የትኛው በዓል እላለሁ። በዓሉን በትክክል ከነገረኝ ደግሞ መልሱን አጥንቶ የመጣ ይመስለኛል።

ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የተዳርኩት ክርስትና ነው ተብዬ ነው። የጎረቤት ሕፃን ክርስትና ይነሣል፣ ድግስ አለ ብለው አዲስ ቀሚስ አለበሱኝና ቀኑን ሙሉ ስቦርቅ ዋልኩ። የማላውቀው ጎረምሳ በጀርባው አዝሎ ሲያወጣኝ እንኳ ጨዋታ መስሎኝ ስቄያለሁ። ሳቄ የቆመው ቤታችን ከዓይኔ ሲሰወር ነው። ከዚያ ቤት አምልጬ ሰቆጣ እስክገባ ያየሁትን እዚህ አልዘረዝረውም። ሰውነቴ ሳይጠና አርግዤ የሞተ ልጅ መውለዴንና ከዚያ ወዲህ ልጅ አለማግኘቴን ብቻ ልናገር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። እኔማ የሰው ቀበቶም ያስበረግገኛል።

ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ አትዳርም። ሬዲዮው በአማርኛም በኽምጥኛም ይናገረዋል፣ በየስብሰባው ይነበባል፣ ፍየል ጠባቂው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የእኔ ጥርጣሬ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። ሕጉን ያልሰማ ሰው ልጁን በአደባባይ ይድራል፣ ስለዚህ ይደረስበታል። የሰማው ሰው መደበቅ ይማራል። በእኛ አገር የሕፃን ሠርግ ስሙን ቀይሮ ነው የሚመጣው። ተዝካር ይሉታል፣ ማኅበር ይሉታል፣ የቤት ምረቃ ይሉታል። ጥርና የካቲት ላይ የመንግሥት ሰው ዓይኑን እንደሚከፍት ስለሚያውቁ ግንቦት ላይ ያደርጉታል። የደረሰችውን ትልቅ ልጅ እንድራለን ብለው ታናሿንም በዚያው ድግስ ደርበው ይሰጣሉ። ይህን ሁሉ የማውቀው በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ጨርቅ የማይገዛበት ሠርግ የለም።

ዓምና መስከረም ላይ ታናሽ ወንድሜ ከዝቋላ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። አንድ ማዳበሪያ ማሽላ ተሸክሟል። ልጅቷ ከኋላው የደብተር ቦርሳ አንግታ ቆማለች።

“እቴ፣ ይቺ ልጅ ካንቺ ጋ ትማር” አለኝ።

“እናንተ ጋ ትምህርት ቤት የለም?”

“አለ።”

“ታዲያ?”

“ካንቺ ጋ ትማር አልኩሽ እኮ።”

ወንድሜ ቃል ሲያወጣ ጥርሱን የሚነቅሉት ነው የሚመስለው። ማሽላውን አውርዶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በመጣበት ሚኒባስ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ማሰብ ጀመርኩ። ይህ ሰው ታላቋን ልጁን ከሦስተኛ ክፍል አስወጥቶ ፍየል ያስጠበቀ ሰው ነው። ታላቋ አድጋ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ብላ ወጣች፣ ድምጿ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ለዚያችኛዋ ያልታየው ትምህርት ዛሬ ለዚህችኛዋ ከየት ታየው? አገላብጬ አገላብጬ አንድ ነገር ላይ ደረስኩ። እዚያው ቢያስተምራት፣ ከክፍል ስትጠፋ መምህራኑ የት ገባች ብለው ይጠይቁታል። እኔ ጋ አምጥቶ ከቆየች በኋላ ወስዶ ቢድራት ግን የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሰቆጣ ናት ይላል፣ የሰቆጣው አገሯ ገባች ይላል። ጠያቂ አይኖራትም። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ከዝምታው ሥር ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ።

ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ክፉ ነገር አታውቅም። ያሏትን ሁሉ ታምናለች። የነጋዴው ልጆች የስፌት መኪናው ማታ ማታ ብቻውን ይሰፋል ብለዋት፣ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ምን እንደሰፋ ልታይ ስትጎነበስ አገኘኋት። ሳቅሁ፣ ከዚያ ግን ፈራሁላት። እንዲህ ያለችውን ልጅ በአንድ ከረሜላ ተከዜን ያሻግሯታል አልኩ። ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቤ ተቀምጣ ክር ስትመዝ ትምህርቴን ጀመርኩላት።

“አባትሽ መጥቶ እንሂድ ቢልሽ፣ ሳትነግሪኝ ትሄጃለሽ?”

“አባቴ ከሆነማ እሄዳለሁ።”

“አትሄጂም። አባትሽም ቢሆን አትሄጂም።”

“እሺ አክስቴ።”

ግራ እንደገባት ፊቷ ላይ አየሁ። አባቷን የምጠላው ሳይመስላት አልቀረም።

ዓመቱን በሙሉ ወንድሜን ስጠብቀው ከረምኩ። ለገና ሲደውል ድምፁን አዳመጥኩ። ፋሲካ ሲቃረብ ደውሎ “እግሯ ስንት ቁጥር ሆነ?” ብሎ ጠየቀኝ። አባት የልጁን ጫማ ቁጥር የሚጠይቀው መቼ ነው? ቁጥሩን ሆን ብዬ አሳስቼ ነገርኩት።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ስልክ መጣ። አባታችን በጦርነቱ ሰሞን ሞቶ ተዝካሩ ሳይወጣለት ቆይቷል፣ ዘንድሮ ማሽላው ትንሽ ስለያዘ ልናወጣለት ነው አለኝ ወንድሜ። ግንቦት ላይ። “ልጅቷንም ይዘሻት ነይ፣ አያቷ ይወዳት ነበር” አለ። በሕይወቴ ከእሱ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ተዝካር። በግንቦት። ልጅቷን ይዘሻት ነይ። ስልኩን ዘግቼ የነጋዴውን ሚስት ጠራኋትና “አልነገርኩሽም?” አልኳት። እሷ ወዳጄ ናት፤ በረንዳውን የሰጠችኝም እሷ ናት። “ኧረ ባክሽ፣ ሰው አባቱንም አይዘክር?” አለችኝ።

በማግሥቱ የልጅቷ እናት ደወለች። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥታ ነው መሰለኝ ታለከልካለች። ለወትሮው ከእኔ ጋር ብዙም አናወራም፤ የባል እኅት ስለሆንኩ ታከብረኛለች፣ ከዚያ አያልፍም።

“እትዬ፣ እኔ ነገርኩዎ እንዳይሉ።”

“አልልም። ምንድን ነው?”

“ልጅቷን እንዳያመጧት። አባቷ አስቦባታል።”

“ለማን?”

“አይጠይቁኝ፣ እኔ ምን አቅም አለኝ? ብቻ እዚያው ሰው ዘንድ ይተዉዋት። እርስዎ ግን ይምጡ፣ ካልመጡ ይጠረጥራል።”

አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ለልጅ የሚያስብ ሰው ተገኘ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልተጠራጠርኳትም። ጠርጣራን ማታለል ከባድ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ የሚጠረጥረውን ነገር መልሶ መንገር ብቻ ነው።

ልጅቷን ለነጋዴው ሚስት አደራ ሰጠኋት። “አባቷ ከመጣ በሩን አትክፈቺለት” አልኩ። “ወላሂ አልከፍትለትም” አለችኝ። ልጅቷ እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ፣ ለአያቴ ጸሎት ያድርሱልኝ አለችና እጄን ሳመች። እስከ ጽጽቃ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ አቀበቱን ወጥቼ ከተዝካሩ ዋዜማ ወንድሜ ቤት ደረስኩ። ልጅቷን አለማምጣቴን ሲያይ ፊቱ ወደቀ። “ፈተና አለባት” አልኩት። ፊቱ መውደቁን እንደ ማስረጃ ያዝኩት።

እንግዲህ ሥራዬን ጀመርኩ። ሌላው ሰው ስለ አባቴ ነፍስ ሲጸልይ እኔ የሠርግ ምልክት ፍለጋ ዞርኩ። የሴቶቹን እጅ አየሁ፣ እንሶስላ የሞቀ ጣት የለም። ከበሮ የሚቀመጥበትን ጓዳ ፈተሽኩ፣ ከበሮ የለም። በቅሎዋን አየኋት፣ ጌጥ የላትም፣ ጀርባዋም ቆስሎ ማንንም የምትሸከም አትመስልም። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ሕዝቡ በየዳሱ ተቀምጦ በላ። የአባቴን ስም ሲጠሩ አልቅሼ፣ ዕንባዬን ጠርጌ፣ ተመልሼ ጎተራ ሥር ገባሁ። አንዲት ጎረቤት “እትዬ፣ ምን ጠፋዎ?” ብትለኝ “መርፌ” አልኳት።

የልጅቷ እናት ከጧት ጀምራ ጎንበስ ቀና ስትል ቆየች። እንግዳው በልቶ ሲያበቃ ጠጋ ብላ “ታናሽ እኅቴን ምጥ ይዟታል ብለው ላኩብኝ፣ ወደ ቆላ ልውረድ፣ ለአባቷ ይንገሩልኝ” አለችኝ። በዓይኗ ስለ ልጅቷ ጠየቀችኝ፣ እኔም በዓይኔ ደህና ቦታ ናት አልኳት። ነጠላዋን ከግድግዳው አውርጄ ያቀበልኳት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ጫማውን ያገኘሁት። ከጣራው ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ነጭ የሸራ ጫማ፣ አዲስ። እኔ አሳስቼ በነገርኩት ቁጥር። ያዝኩህ አልኩ። ወንድሜን ከካህናቱ መካከል አስነሥቼ ከቤቱ ጀርባ ወሰድኩትና ጫማውን ደረቱ ላይ ወረወርኩበት።

“ለማን ነው የምትሰጣት?”

“ምኗን?”

“ልጅህን! ነጭ ጫማ ገዝተህ፣ በአባቴ ተዝካር ስም!”

ጫማውን አንሥቶ አቧራውን በጋቢው ጠረገ። “ለትምህርት ቤት ነው” አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። “ልሰጣት ነው ብሎ ማን ነገረሽ?”

“እናቷ።”

ፊቱ ሲለወጥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። “የት አለች?” አለ።

“እኅቷ ምጥ ይዟት ወደ ቆላ ወረደች።”

“የትኛዋ እኅቷ?”

“ታናሿ።”

“ታናሿ ከወለደች እኮ ገና ወር አልሞላትም።”

ከዳሱ በኩል የካህናቱ ድምፅ ይሰማል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣ ነገረኝ። ልጅቷ ገና ድክ ድክ ስትል እሱና ሚስቱ ከአንድ የቆላ ቤተሰብ ጋር ጠላ ጠጥተው፣ ተማምለው ቃል አስረዋል። ወደ እኔ ከማምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት የዚያ ቤት ሽማግሎች መጥተው ልጃችንን አሉ። ቃሉን አፍርሻለሁ ማለት ሞት መሰለው። ስለዚህ ሰቆጣ ትማር ብሎ እኔ ጋ አምጥቶ ደበቃት። ሚስቱ ግን ቃሉን ልታፈርስ አልፈለገችም።

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?”

ኮረብታው ላይ ሮጬ ወጥቼ ሰቆጣ ደወልኩ። የነጋዴው ሚስት ስልኩን ስታነሣ ከእኔ በፊት ጮኸች። “አንቺ! አለሽ? እግርሽ እንዴት ሆነ?”

“የምን እግር?”

የእናትየዋ ወንድም ጠዋት መጥቷል። ልጅቷ ታውቀዋለች፣ አጎቷ ነው። አክስትሽ ገደል ወድቃ እግሯ ተሰብሯል፣ ጽጽቃ ተኝታ ስምሽን ትጠራለች አላት። የነጋዴው ሚስት አባቷን እንጂ አጎቷን ጠብቂ አልተባለችም። ልጅቷ ጫማ ሳታደርግ ነው የሮጠችው። “እኔ እኮ ላንቺ ገንፎ የማገንፋበት ዱቄት እያስፈጨሁ ነበር” ብላ ታለቅሳለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ የተባለ ነው። ሠርግ ፍለጋ የአባቴን ተዝካር ስበረብር ልጅቷ ከቤቴ ተወሰደች። ስልኩን ይዤ ኮረብታው ላይ እንደ እብድ ጮህኩ።

ተዝካሩን ጥለን፣ ማንንም ሳንሰናበት ወጣን። ጀምበር ስትጠልቅ ጽጽቃ ደረስን፣ አንድ ዘመድ ቤት አረፍን፣ ጠዋት ፖሊስ ዘንድ ሄድን። ወጣት ፖሊስ ነው፣ የዚያው አገር ልጅ። ነገራችንን ሰምቶ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ወንድሜን አየ። የሚያየው እኔ ደንበኞቼን በማይበት ዓይን ነው።

“ያ ሠርግ እኮ በእኛ ዘንድ ይታወቃል” አለ። “ሙሽራዋ ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ቀርባ ዕድሜዋ ታይቷል። ደርሳለች ተብሏል። እናንተ ከባልየው ወገን ጋር ጠብ አላችሁ?”

“ባለፈው ሳምንት እኔ ጋ ሰቆጣ ነበረች! አጠገቤ ተቀምጣ ክር ስትመዝ!”

“ታዲያ የቀረበችው ማን ናት እናቴ?”

ወንድሜ ነው የመለሰው። “አጎትየው የደረሰች ልጅ አለችው፣ በልጄ ቦታ ያቀረቡት እሷን ነው” አለ።

ፖሊሱ ቆቡን አነሣና ተከተለን። ግማሽ ልቡ ግን አሁንም እኛን ይጠረጥራል፤ በመንገድ ላይ የልጅቷን የክርስትና ስም ለየብቻችን ጠየቀን። አልተቀየምኩትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር።

የአጎትየው ግቢ ስንደርስ ዳሱ ሞልቷል። ይህ ስሙን የቀየረ ሠርግ አይደለም፣ በአደባባይ የተደገሰ፣ ምርመራ ያለፈ ሠርግ ነው። የሙሽራው ሽማግሎች በፊት በኩል ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ጥግ ላይ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ በነጭ ተከናንባ፣ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። በእኛ አገር ሙሽራ አትናገርም፣ ክንብንቧም በሰው ፊት አይገለጥም። ደንቡ እንዲህ ነው። እንዲህ ባለ ደንብ ውስጥ ከነጠላው ሥር ማን እንዳለ ማን ያውቃል?

ፖሊሱ ሰላምታ ሰጥቶ ስለ ዕድሜዋ ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ ረጋ ብለው “ልጄ፣ ሕጉን እናውቃለን። ሐኪም አይቷታል። ደርሳለች” አሉ። ፖሊሱ ወደ ሙሽራዋ አየ፣ አፈረ፣ መሬት መሬት አየ። እጁ ወደዚያ ነጠላ እንደማይሄድ ገባኝ። እኔ ሄድኩ። ሴቶቹን በክርኔ ገፍቼ ክንብንቡን ገለጥኩት። “ኡኡ፣ ነውር!” ብለው ጮሁ። ሽማግሎቹ ከተቀመጡበት ተነሡ።

ልጅቷ ናት። ቅንድቧን ተኩላ፣ እጇ በእንሶስላ ቀልቶ፣ ፊቷ በዕንባ አብጦ። እኔን ስታይ አልጮኸችም፣ አልተጠመጠመችብኝም። ዓይኗ መጀመሪያ የወረደው ወደ እግሬ ነው።

“አክስቴ፣ እግርዎ?” አለችኝ።

ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ ነገ ወደ አክስትሽ እንወስድሻለን ብለዋት ኖሯል። ያን ሁሉ ሰዓት ዝም ያለችው ለእኔ ብላ ነው። ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አየኝ፣ እኔ ግን ማንንም አላየሁም። እግሬን አንሥቼ አሳየኋት፣ እንደ ሞኝ መሬቱን ረገጥኩላት፣ “ይኸው፣ ደህና ነኝ፣ ይኸው” እያልኩ።

ወንድሜ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ በሽማግሎቹ ፊት ቆመ። “ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አልሰጠሁም” አለ። ሌላ አልጨመረም። ያ ቤተሰብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይ ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ለእኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔ ግን በዚያች ሰዓት በወንድሜ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም። ፖሊሱም ያኔ አንገቱን ቀና አድርጎ ሕጉን ተናገረ። ድግሱ ተበተነ።

እናትየዋ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ነበር። ልሰድባት ሄድኩ፣ ያዘጋጀሁት ስድብም ነበረኝ። ቀና ብላ ሳታየኝ “አንዷን በረሃ በላብኝ እትዬ” አለችኝ። “የወደቀችበትን አላውቅም። ይቺ እንኳ ባል ቤት ብትገባ፣ ብትሞት መቃብሯን አውቀዋለሁ ብዬ ነው።” ጠላኋት። አዘንኩላትም። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ አታስረዱኝ፣ በእኔ ላይ ሆኖ አይቼዋለሁ። ስድቤን ውጬ ተመለስኩ።

የአጎትየው ጉዳይ ዛሬም ፍርድ ቤት ነው። እናትየዋ ጥቂት ታስራ ተለቀቀች። ልጅቷ ሰቆጣ እኔ ጋ ተመልሳ ትምህርቷን ቀጠለች። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። እንሶስላው ከእጇ ለቀቀ፣ ክፍል ገባች፣ ፈተናዋን አለፈች። በኋላ ግን አንዳንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። መምህሩ ታሟል፣ ትምህርት የለም ሲሏት አጥሩ ድረስ ሄዳ ታያለች። የነጋዴው ሚስት አክስትሽ ትጠራሻለች ብትላት ካለችበት አትነሣም፤ እኔ ራሴ መሄድ አለብኝ። አንድ ቀን ከወጡ ሳህን ቀድሜ ካልቀመስኩ እንደማትጎርስ አስተዋልኩ። ጎበዝ ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እንድትጠነቀቅ እፈልግ ነበር፣ እንዲህ ግን አልፈለግኩም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ እናቷ በረንዳዬ ላይ መጣች። ብቻዋን ናት። ጎኗን በእጇ ደግፋ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። ጎኔን አሞኝ ሆስፒታል ልታይ መጣሁ፣ ከዚያ በፊት ልጄን ልያት አለችኝ። እኔ እንደ ልማዴ ተጠራጠርኩ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየሁ፣ የቆመ መኪና ካለ፣ አጎትየው ካለ። ማንም የለም። ግንባሯን ዳሰስኩት፣ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይህን ማንም አስመስሎ አይሠራውም።

ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍላችን ገብታ በሩን ከውስጥ ቀርቅራለች። አንኳኳሁ።

“እናትሽ ናት። ታማለች።”

ደግሜ አንኳኳሁ።

“ልጄ፣ በእውነት ታማለች። እኔ ዳስሻታለሁ።”

“ያኔም ታማለች ነው ያሉኝ” አለች ከውስጥ።

ከእናቷ ጋር በረንዳው ላይ ተያየን። ሰምታለች። በጣም ሲያማት ባጃጅ ጠራሁላት። የነጋዴው ሚስት ሱቋን ለልጆቿ ትታ አብራት ገባች። እኔ ልጅቷን ብቻዋን ትቼ መሄድ ስላልቻልኩ ቀረሁ። ባጃጁ ሲነሣ የክፍላችን መስኮት ትንሽ ገርበብ አለ። ልጅቷ በዚያ ቀዳዳ ታያለች። ባጃጁ በገበያተኛው መካከል እያዘገመ ሄደ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ደረሰ፣ ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈ።

ያኔ ለቅሶዋን ሰማሁ። በሩ ተከፈተ።

“ነይ፣ እንከተላት” አልኳት፣ ነጠላዬን እያነሣሁ።

ዕንባዋን ጠርጋ ጫማዋን አደረገች፣ ክሩን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ “እርስዎ ይቅደሙ” አለችኝ።

ቀደምኩ። ስዞር እየመጣች ነው፣ ተመልሳ መሮጥ የምትችልበትን ያህል ርቀት ጠብቃ።